ሃያ አራተኛው ስታዲየም

ማርሊን ስፕረንገር በሩን ሁለት ጊዜ ገፋችው። አልተከፈተም። በሦስተኛው በትከሻዋ ገፋችው። ብረቱ ትንሽ ተንቀጫቀጨና ረጋ።

ከውስጥ አንድ ሽማግሌ በጎማ ቱቦ አስፋልቱን እያጠበ ነበር። ውኃውን ሳያቆም ቀና ብሎ አያት።

«ገና ነው የኔ ልጅ» አላት።

ማርሊን ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ጨዋታው ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ እንደሚጀመር፣ አሁን ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ እንደሆነና በሩ እስካሁን መከፈት እንደነበረበት ነገረችው። ሽማግሌው ውኃውን ዘጋ። ጨዋታው ወደ ማታ መዞሩን ነገራት። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ለእሁድ ማታ ስለመረጡት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው የሚጀመረው። ከተነገረ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ ቲኬት ለገዛ ሰው ሁሉ መልእክት ተልኳል። ይህን ብሎ ቱቦውን እንደገና ከፈተ።

ወደ ኋላዋ ዞረች። የቀድሞ ባሏ ድዋይት የአበባ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሳንድዊቹን ከወረቀቱ እያወጣ ነበር። በሩ ለምን እንዳልተከፈተ አልጠየቃትም።

ማርሊን ከፎርት ዌይን፣ ኢንዲያና ሚኒያፖሊስ ድረስ ዘጠኝ ሰዓት ነድታለች። ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ እንደወጣች አፉ ብረት የሆነ የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር መኪናው ውስጥ ገባች። ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ ሞቴል አደሩ፤ ሁለት ክፍል ያዙ። በማግስቱ ማለዳ ቀሪውን መንገድ ጨረሱ። ዕቅዱ በአንድ የካርቶን መለያ ወረቀት ጀርባ ላይ ተጽፎ የመኪናው መስታወት ሥር ተሰክቷል፦ ነዳጅ የሚሞላበት፣ መጸዳጃ ያለበት፣ ጨዋታው የሚያልቅበት፣ ቤት የሚገባበት። ጨዋታው አሥር ሰዓት ላይ ካለቀ በእሷ ከተማ ሰዓት ከሌሊቱ ስምንት ላይ አልጋዋ ላይ ናት። ሁለት ሰዓት ትተኛለች። ሰኞ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ገብታ ዕቃ የምታነሣበት ፎርክሊፍቷ ላይ ትወጣለች።

እንዲህ ሲያደርጉ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ትልልቆቹ የቤዝቦል ቡድኖች የሚጫወቱባቸው ስታዲየሞች ሠላሳ ናቸው። ሁሉንም እናያለን ብለው ሲጀምሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ከተፋቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤቱ ተሸጠ፣ ውሻው ከድዋይት ጋር ሄደ፣ የምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ለማርሊን ደረሳት። ዝርዝሩን ግን የጠየቀም ያካፈለም የለም። በመጀመሪያው በጋ ድዋይት ደውሎ የሲያትሉን ነገር ምን እናድርገው አላት። ሄዱ።

ማርሊን የምትሠራው የቀዘቀዘ ምግብ በሚከማችበት መጋዘን ነው። እዚያ ያሉት ሴቶች ነገሩን መሳቂያ አድርገውታል። ከሁሉም የባሰችው አጠገቧ የምትሠራው ኮርሊስ ናት።

«ሌላው ሰው ሲፋታ ያርፋል» ትላታለች። «አንቺ ከፈታሽው ሰውዬ ጋር በየበጋው ሞቴል ትይዣለሽ።»

«ሁለት ክፍል ነው» ትላለች ማርሊን።

«እሱማ የባሰ ነው። ሁለት ክፍል ከፍሎ አንድ ጨዋታ።»

የጨዋታው ፕሮግራም የሚወጣው በብርዱ ወራት ነው። የካቲት ላይ ማርሊን ፕሮግራሙን አንድ በኩል፣ የሥራ ሰሌዳዋን ሌላ በኩል ዘርግታ በእርሳስ ታስተያያለች። ድሮ ቀላል ነበር። ዲትሮይት፣ ሲንሲናቲ፣ ክሊቭላንድ፣ ቺካጎ፤ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ቤት መግባት ይቻል ነበር። ቅርብ ቅርቡ አለቀ። የቀረው ሁሉ ሩቅ ነው። መጋዘኑ ደግሞ ከሦስት ዓመት ወዲህ የግዴታ ትርፍ ሰዓት ጀመረ። ቅዳሜ ይሠራ አይሠራ የሚለጠፈው ረቡዕ ከሰዓት ነው። የካቲት ላይ ያቀደችውን ነገር ነሐሴ ውስጥ የአንድ ረቡዕ ወረቀት ያፈርሰዋል። በዚህ ዓመት ሰኔ ላይ ዴንቨርን ሰረዘች። ሐምሌ ላይ አትላንታን ሰረዘች። ለነሐሴ የቀረችው አንዲት እሁድ ናት። ለዚያች እሁድ ሚኒያፖሊስን መረጠች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የጨዋታውን ሰዓት በየሳምንቱ ታጣራ ነበር። የእሁድ ጨዋታ ወደ ማታ ሊዞር እንደሚችል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ነገር ሌሎችን ስታስጠነቅቅ የኖረች ሴት ናት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ግን አሥራ ሁለት ቀን ሠርታለች። ቤት ስትገባ ቆማ ትበላለች፣ ልብሷን ሳታወልቅ ትተኛለች። አላጣራችም።

አሁን የአበባው መደብ ጠርዝ ላይ ከድዋይት አጠገብ ተቀምጣ ሒሳቡን ሠራችው። ጨዋታው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ዘጠኝ ሰዓት መንገድ። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ አንድ ሰዓት ይጠፋል። መጋዘኑ በር ላይ የምትደርሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ዘግይታ፣ ምንም ሳትተኛ።

መጋዘኑ የነጥብ ሕግ አለው። የዘገየ ግማሽ ነጥብ ይያዝበታል፣ የቀረ አንድ። ምክንያት አይጠየቅም። ሰባት የሞላበት ካርዱን አስረክቦ ይወጣል። ማርሊን ስድስት ተኩል አላት። ጥር ላይ በጉንፋን ሁለት ቀን ወድቃለች። አንዱ መንገዱ በበረዶ የተዘጋ ቀን ነው። አንዱ ድዋይት ጉልበቱን ለሐኪም ሲያሳይ ያደረሰችው ቀን ነው። የተረፈው በድካም አርፍዳ የገባችባቸው ጠዋቶች ናቸው። ነጥብ በዓመቱ ይሰረዛል፤ የመጀመሪያው የሚሰረዝላት ጥቅምት ላይ ነው።

ለሌላ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው። ከዘጠኙ ዙር ሦስት አራቱን ያያል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይሄዳል። የእነሱ ዝርዝር ግን ሕግ አለው። ከመጀመሪያዋ ኳስ የመጨረሻው ተጫዋች ከጨዋታ እስኪወጣ ወንበር ላይ ካልተቀመጡ ስታዲየሙ አይቆጠርም። እያንዳንዷ ምት ደግሞ በማርሊን ደብተር ላይ መስፈር አለባት፤ ለእያንዳንዱ መቺ ትንሽ ሣጥን አለችው፣ እዚያች ውስጥ ምን እንዳደረገ በቁጥርና በመስመር ይጻፋል። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ፒትስበርግ ላይ የመኪና ማቆሚያ ሲፈልጉ የመጀመሪያው ዙር አመለጣቸው። ቁጭ ብለው ስምንቱን ዙር አዩ፣ አምስት ሰዓት ነድተው ተመለሱ፣ በዓመቱ እንደገና ሄዱ። ድዋይት አልተቃወመም። ሲመለሱ ብቻ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፒትስበርግ የሚባል አገር የለም አለ።

ማርሊን ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ የደወለችው ለአለቃዋ ለብሮዲ ነው። ብሮዲ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ ነበር፣ ሞተሩ ይሰማል። ሰኞን ከዓመት ፈቃዷ እንዲቆርጥላት ጠየቀችው። ሃያ አራት ሰዓት ቀድሞ ያልተሞላ ፈቃድ ማሽኑ አይቀበልም አላት። ነጥቡን የሚይዘው እሱ ሳይሆን ማሽኑ መሆኑን ደግሞ ነገራት። መልካም ጨዋታ ብሎ ዘጋ።

ቀጥላ ለኮርሊስ ደወለች። ኮርሊስ ሰኞ ገቢ ናት፤ ስለዚህ ፈረቃ መቀያየር አይችሉም። ሰማቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ካርድሽ የት ነው?»

«ሣጥኔ ውስጥ።»

«ቁልፉን አውቀዋለሁ። ጠዋት የእኔን መግቢያው ማሽን ላይ ሳስነካ ያንቺንም አስነካለሁ። አንድ ሰዓት ላይ በኋላ በር ትገቢያለሽ። የቅዝቃዜ ልብስሽን ለብሰሽ መደርደሪያው መሀል ብቅ ትያለሽ። ብሮዲ ከቢሮው የሚወጣው ለቁርስ ነው።»

«ቢያዩሽስ?»

«አሥራ ስምንት ዓመት ማን አየኝ? የምስጋና በዓል ቀን ግን አንቺ ነሽ የምትገቢልኝ። ልጆቼ ይመጣሉ።»

ማርሊን መልሼ እደውላለሁ አለች። እምቢ አላለችም። የሰው ካርድ ማስነካት ሁለቱንም በዚያው ቀን ያስባርራል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ደግሞ ብዙ ሰው ያደርገዋል።

ኮርሊስ ያለችውን ለድዋይት ነገረችው። ድዋይት ሳንድዊቹን ጨርሶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ኮርሊስ ድሮም ጎበዝ ናት አለ። እስከ ማታ መኪናው ውስጥ ጥላ ፈልገሽ ተኚ፣ ስትመለሺ ግማሹን እኔ እነዳለሁ አለ። በጉልበቱ ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፤ ይህንንም ሁለቱም ያውቃሉ። ማርሊን ራሷን ነቀነቀች። የተስማማች ትመስል ነበር። ከዚያ ከእግሩ ሥር ያለውን ቦርሳ አየችው። ከአፉ ላይ የወፍራም ሹራብ እጅጌ ወጥቷል።

«ሹራብ ለምን ያዝክ?» አለችው።

«ሊበርድ ይችላል።»

«በነሐሴ፣ በቀትር?»

ድዋይት የሳንድዊቹን ወረቀት ማጠፍ ጀመረ። አራት ቦታ አጠፈው።

ማርሊን ወደ በሩ ተመለከተች። ሽማግሌው መልእክት ተልኳል ብሏት ነበር። ቲኬቱ የተገዛው በድዋይት ስም ነው፤ ሁልጊዜም በእሱ ስም ነው የሚገዛው።

«መልእክቱ ደርሶሃል» አለችው።

«ደርሶኛል።»

«መቼ?»

«የዛሬ አሥራ ሦስት ቀን።»

አልጮኸችም። ጉልበቷ ላይ ያለውን ስልክ ገልብጣ አስቀመጠችው። ድዋይት ወረቀቱን እያየ ተናገረ።

«ብነግርሽ ትሰርዢው ነበራ። ዴንቨርን ሰረዝሽ። አትላንታን ሰረዝሽ። እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው ማርሊን። መስከረም ላይ ጉልበቴን ሊከፍቱት ነው። ሰባት ይቀረናል። እንዲህ እየሰረዝን መቼ ነው የምንጨርሰው? ከደረስን መላ አይጠፋም ብዬ ነው።»

«መላው የእኔ ሥራ ነው።»

«ይኸው ተገኘ አይደል? ኮርሊስ ታስነካልሻለች።»

«ሳልገባ ገብቻለሁ ልበል?»

«ምን አዲስ ነገር አለው?» አለ ድዋይት። «ካንሳስ ሲቲም እኮ እንደዚያው ነው ያለፈው።»

ይህን ሊናገር አላሰበም ነበር። ፊቱ ላይ ይታያል። ወረቀቱን ከፍቶ እንደገና ማጠፍ ጀመረ።

«ካንሳስ ሲቲ ምን ሆነ?» አለች ማርሊን።

ካንሳስ ሲቲ የሄዱት የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ማርሊን ስድሳ ሰዓት ሠርታ ነበር። ድዋይት እየቆራረጠ ነገራት። አራተኛው ዙር መሀል ላይ እንቅልፍ ጣላት። አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ፣ እርሳሱ በጣቷ መሀል እንዳለ ተኛች። ስድስተኛው ዙር እስኪያልቅ አልነቃችም። እሱ እርሳሱን ቀስ ብሎ ወሰደና ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አደረገ። በእሷ አጻጻፍ፣ ሰባትን መሀሉን እየሰረዘ፣ ሁሉንም ሞላው። ልትነቃ ስትል እርሳሱን መለሰላት። ምን አመለጠኝ አለችው። አንድ ኳስ አላት።

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ብታውቂ ኖሮ በዓመቱ ታስመልሺኝ ነበር» አለ ድዋይት። «ደግሞ ደክሞሽ ነበር። አፍሽን ከፍተሽ ነው የተኛሽው።»

ማርሊን ወደ መኪናው ሄደች። ደብተሩ የኋላ ወንበር ላይ ነበር። ቆማ ገለጠችው። ካንሳስ ሲቲን አገኘች፣ አራተኛውን ዙር አገኘች። ጣቷን በሣጥኖቹ ላይ አንድ በአንድ አስኬደች። ሰባቶቹ ሁሉ መሀላቸው ተሰርዟል። የትኛው የእሷ፣ የትኛው የእሱ እንደሆነ መለየት አልቻለችም። አምስተኛው ዙር ላይ አንድ መቺ ኳሱን ከሜዳው ውጪ ልኮ፣ ዙሪያውን ሮጦ ነጥብ አግብቷል ይላል። ያን ምት ታስታውሰው ነበር። ለኮርሊስ ሳይቀር አውርታላታለች።

ድዋይት እያነከሰ መጣና በመኪናው ሌላ በኩል ቆመ።

«ሕጉን እንተወው» አለ። «ማን ይጠይቀናል? ከእኔና ካንቺ ሌላ የሚቆጥር ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው።»

«ስንት ነው የሞላኸው?»

«ሁለት ዙር ተኩል።»

«ሌላ ቦታስ?»

«ሌላ ቦታ የለም።»

«እንዴት አውቃለሁ?»

ድዋይት የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ ፀሐዩ ስላጋለው እጁን አነሣ።

ማርሊን ለኮርሊስ ደወለች።

«ካርዱን ተይው» አለቻት።

«ምን ማለትሽ ነው? ጨዋታውስ?»

«እመጣለሁ። አሁን ልነሣ ነው።»

«ጠፍተሽ ከሰውዬው ጋር ታርቀሽ እዚያው ትቀሪያለሽ ብዬ ተስፋ ሳደርግ» አለች ኮርሊስ። «ማርሊን፣ ደኅና ነሽ?»

«ደክሞኛል» አለች ማርሊን። «የምስጋና ቀንን እገባልሻለሁ። ልጆችሽ ይምጡ።»

ስልኩን ኪሷ ከተተች። የድዋይትን ቦርሳ፣ የበረዶ ሣጥኑንና ለወንበር የሚይዛትን ትራስ አውጥታ እግረኛ መንገዱ ላይ ደረደረችለት። ድዋይት ቆሞ አያት። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ጨዋታ ሳታይ ስትመለስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ይህን ነገራት። ታውቃለች።

«በምን ልመለስ?» አላት።

«አውቶቡስ አለ።»

«አሥራ አምስት ሰዓት ነው።»

«ሰኞን አስፈቅደሃል አይደል?»

አስፈቅዷል። ድዋይት በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወለል ያጥባል፣ ማሞቂያ ይጠግናል። ርእሰ መምህሯ ከጠየቀ ከልክላው አታውቅም። ሰኞን ያስፈቀደው ከአሥራ ሦስት ቀን በፊት ነው።

በሩን ከፍታ ስትቀመጥ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«አንድ ባዶ ወረቀት ስጪኝ» አላት።

ከደብተሩ ጀርባ አንድ ገጽ ቀደደችና ሰጠችው። እርሳስ እንዳለው አልጠየቀችውም። መስታወቱ ሥር የተሰካውን ዕቅድ አውጥታ ጎኗ ያለው ወንበር ላይ ጣለችውና ሞተሩን አስነሣች።

ከሰባት ሰዓት ጥቂት ካለፈ በኋላ ከከተማው ወጣች። ዊስኮንሲን ላይ ነዳጅ ሞላች፣ ቺካጎ አካባቢ አርባ ደቂቃ መኪና ተጨናንቆ ቆመች። ሬዲዮውን አልከፈተችም። ቤት የገባችው እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። አራት ሰዓት ተኩል ተኛች። ሰኞ ካርዷን ያስነካችው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ነበር፤ ማሽኑ እንዲህ ይላል። ረቡዕ ከሰዓት ብሮዲ የቅዳሜውን ወረቀት ለጠፈ። ስሟ ነበረበት።

ድዋይት ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አየ። ፎርት ዌይን የደረሰው ሰኞ ማታ ነው። ደውሎ መድረሱን ነገራት፤ ማን እንዳሸነፈ አልጠየቀችውም። መስከረም ላይ ጉልበቱ ሲከፈት ሆስፒታል ያደረሰችው እህቱ ናት።

ስንት ደረሳችሁ ብለው ሲጠይቁት ድዋይት ሃያ አራት ይላል። ማርሊን ሃያ ሁለት ትላለች።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስዳ ብቻዋን ካንሳስ ሲቲ ሄደች። ረቡዕ ቀን ነበር። ጨዋታው ከዘጠኙ አልፎ አሥራ አንድ ዙር ፈጀ።